ሰባት ጊዜ የለካሁት ወገብ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን የምናገረው ኮርቼበት አይደለም፤ ሌላ ሰው ከሚናገርልኝ ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ወደ ሱቄ ሲገባ ከፊቱ በፊት ትከሻውን፣ ከሰላምታው በፊት ወገቡን አያለሁ። ባለቤቴንም አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኳት በዚሁ ዓይን ነው። እሷ የሲማዳ ልጅ ናት፤ ከወገዳ ወጣ ካለ የገብስ አገር የመጣች። የተጋባነው በቁርባን ነው። በቁርባን ለተጋባ ሰው መፍታት የለም፣ መለወጥ የለም፤ ለኔ ዓይነቱ ሰው ተብሎ የተሠራ ጋብቻ ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ ልቤ አርፎ አያውቅም።

ሴት ልጃችን የተወለደች ዕለት፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጁ ወንድ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በሩ ላይ ቆሜ ያልተናገርኩት ክፉ ቃል አልነበረም። ባለቤቴ በምጥ ተይዛ «ኧረ ስለ ማርያም ብለህ ዝም በል» ስትለኝ ሰምቻታለሁ። ዝም አላልኩም። ያን ቀን ያልኩትን እኔ ረስቼው ነበር፤ እሷ ግን አልረሳችውም።

ነገሩ የጀመረው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። እሑድ እሑድ አብረን እንሄዳለን፤ እኔ በወንዶች በኩል፣ እሷ በሴቶች በኩል እንገባና አብረን እንቆርባለን። ባለፈው ዓመት ከመስቀል ወዲህ ግን ቅጥሩ በር ላይ ስትደርስ መቅረት ጀመረች። ነጠላዋን ተከናንባ ከግንቡ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። መጀመሪያ ምንም አላልኩም። ሴት በወር አበባዋ ሰሞን ቅጥር እንደማትገባ የማያውቅ የለም። እሱ ግን ቢበዛ ሰባት ቀን ነው። ሁለተኛውንም እሑድ ውጭ ቆመች፤ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። በስድስተኛው እሑድ ቅዳሴውን ትቼ እሷን በበሩ በኩል መጠበቅ ጀመርኩ።

በኛ አገር በቁርባን የተጋባች ሴት ከቁርባን ስትሸሽ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ሥጋ ወደሙ በኃጢአት አይነካም፤ ያላጠፋችን ሴት ደጅ ላይ ምን አቆማት? እኔም ይህን አሰብኩ፤ ካሰብኩት በኋላ ሌላ ማሰብ አቃተኝ። በሩ አጠገብ ጧፍ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር፤ ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ሳያስቁት የሚስቅ። ቅዳሴው ተጋምሶ በበሩ በኩል አሻግሬ ሳይ አጠገቧ ቆሞ አገኘሁት። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ጧፍ ሲሰጣት፣ እሷም የሆነ ነገር ስትነግረው አየሁ። ጧፉ እጇ ላይ አልቆየም፤ ወደ ውስጥ ለምትገባ አንዲት አሮጊት ሰጠቻት። ይህን የመጨረሻውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እኔ የማየው የሰውዬውን ጥርስ ነበር።

ቤት ውስጥም ያው ነው፤ ከመስቀል ወዲህ አላስጠጋችኝም። የነቢያት ጾም ሲገባ «ጾም ነው» አለችኝ፤ እሺ። ገና አልፎ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የፈቃድ ጾም ይዣለሁ አለች።

«እሱ ደግሞ የማን ጾም ነው?» ብላት፣

«የኔ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፣ አልኩ በልቤ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ሆዷ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ መግፋት ጀመረ። ሌላ ሰው ላያየው ይችላል፤ የኔ ግን ሥራዬ ነው። የቀሚሷ ጠርዝ ከፊት በኩል ከኋላው በሁለት ጣት ከፍ አለ። ውፍረት ቢሆን ቀሚሱን የሚያጠበው ዙሪያውን ነው፤ ፊቱን ብቻ የሚያነሣ ሆድ ነው። «አዲስ ቀሚስ ልሰፋልሽ» ብዬ ሜትሬን አውጥቼ ወገቧን ለካኋት። ሰማንያ አንድ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ «የመጀመሪያውን ልክ ጣልኩት» ብዬ እንደገና ለካሁ። ከዚያ «ሞዱን ልቀይረው ነው» አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ጊዜ ለካኋት። የደንበኞቼን ልክ በምጽፍበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ስሟን ሳልጽፍ፣ ቀኑንና ቁጥሩን አሰፈርኩ። ሰማንያ አንድ ብሎ የጀመረው በሰባተኛው ዘጠና ገባ። አርግዛለች አልኩ፤ ከኔ ደግሞ አይደለም።

የነፍስ አባታችን ቤት ሄድኩ። «አባ፣ ባለቤቴ የነገረችዎት ነገር አለ?» አልኳቸው። መስቀላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ንስሐ የገባ ሰው ነገር ለሌላ አይወጣም» አሉ።

«እርስዎ ግን ያውቃሉ።»

«የማውቀውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። አንተ ሂድና ሚስትህን በደግ ዓይን እያት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰባ ዓመት ሽማግሌ ቄስ ላይ ቀናሁ። እሳቸው የሚያውቁት ነገር አለ፤ እኔ አላውቀውም። ሰው ስለ ቅናት ብዙ ይላል፤ ለኔ ግን ቅናት ማለት ይኸው ነበር። የሷን ነገር ሌላ ሰው አውቆት እኔ አለማወቄ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ለባብሳ ጨርሳ «ደብረ ታቦር ልሄድ ነው» አለችኝ።

«ማን ጋ?» አልኩ። ሌላው ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ ማን ጋ አልኩ።

«ሐኪም ጋ። ያመኛል።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

«ሱቅህስ?»

«ይዘጋል።»

ደብተሩን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የምትሄድበት ሰው ሲታወቅ ፊቷ ላይ ዘርግቼ ቁጥሩን ላነብላት ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳትና በመተላለፊያው በኩል እኔ ተቀመጥኩ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው እንዳይነካት። መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ሄደች። ከንፈሯ ነጭ ነበር፤ ይህንንም አይቼው ነበር፤ ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት።

የአልትራሳውንዱ ክፍል ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ዶክተሩ ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ መጀመሪያ የጠላሁት ድምፁን ነው። እሷን «እህቴ፣ እዚህ ጋ ጋደም በይ» አላት። እኔን ደግሞ «አባቴ፣ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ» አለኝ። በሷና በኔ መካከል ያለው ስምንት ዓመት ነው! ሰውዬው በአንድ አፍ የሷ ወንድም፣ የኔ ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ?» አላት።

ነገረችው። ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው አለች። የወር አበባዋ መጀመሪያ አሥር ቀን፣ ከዚያ አሥራ አምስት ቀን መቆየት እንደጀመረ፣ ከመስቀል ወዲህ ግን ደሙ ጨርሶ እንዳልቆመላት ነገረችው። የረጋ ደም እንደሚወጣት፣ ቆማ ስታስቀድስ ዓይኗ ላይ እንደሚጨልምባት፣ ጨርቋን እኔ ሱቅ እስክሄድ ጠብቃ እንደምታጥብ፣ ሁሉንም። የነፍስ አባቷ ጠበሉንም ተጠመቂ ሐኪምም ዘንድ ታዪ እንዳሏት ሳይቀር ነገረችው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ደም ስትል ቀድሞ የተሰማኝ ርኅራኄ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። የተሰማኝ ቅናት ነው። ከኔ ዓመት ከመንፈቅ የደበቀችውን ለእሱ በአምስት ደቂቃ ዘርግፋ ሰጠችው። እነዚያ እሑዶች የገቡኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቅጥር ያልገባችው ስለምትደማ ነው። ጧፏን በአሮጊት እጅ የላከችውም እሷ መግባት ስለማይሆንላት ነው።

ዶክተሩ ሆዷን ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን እያንሸራተተ እስክሪኑን ያያል። እኔም አያለሁ፤ ለኔ የጉና ተራራ ጉም ነው። «ይታይዎታል አባቴ?» አለኝ። «አዎን» አልኩ። ምንም አልታየኝም ነበር። ከዚያ በሆድ በኩል ያየው እንደማይበቃ፣ ከታች በኩል በሚገባ መሣሪያ ቀረብ ብሎ ማየት እንዳለበት፣ ነርሷም አብራቸው እንደምትሆን ነገረን። ተነሣሁ።

«ሴት ሐኪም የለችም?»

«ዛሬ የለችም። ሌላ ቀን መምጣት ትችላላችሁ፤ ባይዘገይ ግን እመርጣለሁ።»

«እንመለሳለን» አልኩና ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ። ባለቤቴ ከአልጋው ንቅንቅ አላለችም።

«ዓመት ከመንፈቅ የደበቅኩህ ለምን መሰለህ?» አለችኝ። «ልጃችን ስትወለድ በሩ ላይ ያልከውን ዳግመኛ እንዳልሰማ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እኔ እንግዲህ መሞቴ ነው በዚህ አያያዝ። በል ውጣ።»

ወጣሁ። ነጠላዋን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ውስጥ የእሱ ዝግ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የሷ መልስ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ሲጠሩኝ ገባሁ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዶክተሩ ማህፀኗ ግድግዳ ውስጥ ዕጢ እንዳለ ነገረን። «እንዲህ ያለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ማዮማ የሚባለው ነው፤ ክፉ አይደለም። ማዮማ ክብ ነው፣ ጠርዙ በደንብ ይለያል፣ ደም የሚሄድለትም በዙሪያው ነው። ይሄኛው ግን በአንድ ጎኑ ጠርዙ አይለይም፤ በመሐሉም ደም ይሄዳል። ካንሰር ነው እያልኩ አይደለም። አይደለም ብዬ ግን ወደ ቤት ልልካችሁ አልችልም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ድሮ የተነሣሽው ምስል ቢኖር አስተያይቼ በምን ፍጥነት እንዳደገ አውቅ ነበር። አለሽ?»

«የለኝም።»

«ሆድሽ መግፋት ከጀመረ ስንት ጊዜ ይሆነዋል?»

«እንጃ» አለችና እጆቿን ታፋዎቿ መካከል ከተተቻቸው።

ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ባላወጣው ማን ያውቅብኛል? ሱቄ ተመልሼ ገጿን ቀድጄ ብጥላት ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ግን እጆቿን አየሁና አወጣሁት። የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ለዶክተሩ ሰጠሁት።

አነበበው። «የማን ወገብ ነው?»

«የሷ።»

«ይህማ ይጠቅመናል። ብቻውን አይፈርድም፤ ግን በሦስት ወር ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ቀላል አይደለም» አለና ቁጥሮቹን እየገለበጠ «ለምን ነበር የሚለኩት አባቴ?» አለኝ።

«ቀሚስ ልሰፋላት።»

ባለቤቴ ደብተሩን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ፊቷን ወደ ዶክተሩ መልሳ «ሰባት ጊዜ ለክቶኛል» አለችው። «አንድም ቀሚስ አልሰፋልኝም።»

ዶክተሩ ነገሩ ይግባው አይግባው እንጃ፤ ቀና ሳይል መጻፉን ቀጠለ። እኔ ግን እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። ለካ ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። ሜትሩን ወገቧ ላይ በጠመጠምኩ ቁጥር ምን እንደምፈልግ እያወቀች እጇን ከፍ አድርጋ ቆማልኛለች።

ከማህፀኗ ናሙና ወሰዱ፤ ክፉ ነገር አላገኙበትም። ዕጢው ግን ግድግዳው ውስጥ ስለሆነ ያ ብቻ አያስተማምንም ተባለና ለኤምአርአይ ወደ ባሕር ዳር ተላክን። እዚያ ብረት የሚባል ነገር ወደ ማሽኑ አይገባም አሉ። የአንገቷን መስቀል፣ የጸጉሯን ሽቦ፣ ቀለበቷንም አውልቃ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ማተቧ ክር ስለሆነ ተዉላት። ከተጋባን ጀምሮ ጣቷን ያለ ቀለበት አይቼው አላውቅም ነበር። ማሽኑ ከበሩ ማዶ እንደ ወፍጮ ቤት ሲንጓጓ ቆየ። እኔ ቀለበቱን ጨብጬ ተቀምጬ፣ እዚያ ውስጥ የሚያይዋት ሰዎች ምን እያዩ እንደሆነ ብቻ አስባለሁ።

ፊልሙን ይዘን ወደዚያው ዶክተር ተመለስን። መብራት ላይ ለጥፎ በጣቱ አሳየን። «ተራ ማዮማ እዚህ ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው። ይሄ ግን ነጣ ይላል። እዚህ ጋ ውስጡ ደም ፈሷል። ጠርዙም፣ ያውና፣ እዚህ ሲደርስ ይጠፋል።» በዚህኛው ጊዜ ታየኝ። ጨርቅ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት፣ የት ጋ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ምነው ባልታየኝ አልኩ።

«ማዮማ መሆኑን ባምን ዕጢው ብቻ ይወጣና ማህፀንሽ ይቀር ነበር» አላት። «አሁን ግን ተቆራርጦ ቢወጣና ክፉ ቢሆን ሆድሽ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ ከነማህፀንሽ እንዳለ መውጣቱ ነው የሚሻለው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ውስጡ የተበላሸ ማዮማም አንዳንዴ እንዲህ ሆኖ ይታያል። ቁርጡ የሚታወቀው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው።» ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «እህቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ሌላ ልጅ ታስቢ ነበር?»

«አስብ ነበር» አለችው። «ወንድ ልጅ እፈልግ ነበር።»

ይህንንም የሰማሁት ለእሱ ስትነግረው ነው። ከዚያ «አውጡት። ያለችኝን ልጅ ላሳድግ» አለች። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ለራሴ ብዬ ከፋኝ፤ የሷ ሕይወት በአንድ በኩል፣ ማህፀኗ በሌላ በኩል ተቀምጦ እየተመዘነ፣ እኔ ስላልተጠየቅኩ ከፋኝ።

ቀዶ ሕክምናው በደኅና አለቀ። የማይክሮስኮፑን ውጤት ግን ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሱቅ አልከፈትኩም። ገንፎዋን አገነፋሁ፣ ውኃዋን አሞቅሁ፣ ተደግፋኝ እስከ በሩ ትሄድና ትመለሳለች። ብዙ አታወራኝም። ልጃችንን ጠርታ ጸጉሯን ስትሠራላት፣ ስንዴው የት እንዳለ፣ የማን ድስት እኛ ቤት እንደቀረ ስትነግራት እሰማለሁ። ልትሄድ የተነሣች ሰው አነጋገር ነው። ሞት ላይ ቀናሁ ብል ሰው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። ከኔ ይልቅ እሱን የቀረበችው መሰለኝ።

ስልኩ የተደወለው ለእሷ ነው። ዶክተሩ ሁለታችንም እንድንመጣ ጠራን። ገና በሩን እንደከፈትን ከወንበሩ ተነሣ።

«ክፉ አይደለም» አለ። «ማዮማ ነው። ውስጡ ተበላሽቶ ነው ሥዕሉ ላይ እንደዚያ ያስፈራራን።»

ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። እሱ ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። «ማህፀንሽን ያወጣነው በጥርጣሬ ነው። ይህን ሳልሸፋፍን ልነግርሽ ይገባል። አሁን ያወቅነውን ያን ጊዜ ብናውቅ ልናተርፍልሽ እንችል ነበር።»

«ዕድሜ ይስጥህ» አለችው እያለቀሰች። «ክፉ አይይህ። ልጄን ላሳድግ ተረፍኩ አይደል?» ብላ ራሱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። ያን ጊዜ እንኳ ስንት ጊዜ እንደሳመችው ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ነው።

ወደ መናኸሪያው ስንወርድ ደስታዬ መንገድ ላይ አለቀ። ተናደድኩ። ምን ያናድድሃል ብትሉኝ አላውቅም፤ ምናልባት ያ ግንባር ይሆናል።

«ደግ ዕጢ ነው እኮ የነበረው!» አልኳት። «ምንም ያላደረገ ዕጢ! በጥርጣሬ ብቻ ማህፀንሽን አወጣብሽ፤ ወንድ ልጅ እፈልግ ነበር ስትይው እየሰማ። በጥርጣሬ ሰው ላይ እንዲህ ይፈረዳል? አንቺ ደግሞ ብለሽ ብለሽ ትስሚዋለሽ!»

ቆመች። ቁስሏ ገና ስላልጠናላት አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ሰበሰበች። የተቆጣች አትመስልም ነበር።

«እሱም ተጠራጠረ፣ አንተም ተጠራጠርክ» አለችኝ። «እሱ ግን ጠየቀኝ።»